ሦስት በሽታ የመሰለን አንዱ በሽታ

ጎረቤቴ ናት። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት አብረን ኖረናል። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገውም በዚሁ ነው። ዕድሜዋ 36 ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ስሟን አልጠቅስም። ታሪኩ እንዲጻፍ የፈለገችው ግን ራሷ ናት። "ጻፊው" አለችኝ። ያኔ ምላሷ ገና ስላልተፈታ ይህችን አንድ ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ ሞክራለች።

ነገሩ የሆነው በግንቦት ነው። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱ ራሱ አይበርድም፤ ሰው ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እሷ ሙቀቱን ለመቅደም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ምጣድ ትጥዳለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ላይ ደርሳ ነበር። አክንባሎውን አነሳች፣ ሰፌዱን አስጠጋች። ሰፌዱ ከቀኝ እጇ ሾልኮ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል እጇ እምቢ አላት። የ14 ዓመት ልጇ "እማዬ ምን ሆንሽ?" አለቻት። ልትመልስላት አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። የአፏ ቀኝ ጫፍ ወደ ታች ተንጋዷል። ምጣዱ ላይ የቀረው እንጀራ አርሮ ግቢውን በጭስ እስኪሞላው ድረስ ማንም አላስታወሰውም።

እኔ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ግቢ የገባሁት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልፏል። እናቷ "ንፋስ መቷት ነው" ብለው ጠበል ረጭተዋታል። አንዱ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አሽትቷታል። ሌላዋ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጥታታለች። ትን አላት፣ ሳለች፣ ፊቷ ጠቆረ። ትንሽ ቆይተው ደግመው አጠጧት። ማንንም አልወቅስም። የሚወዷት ሰዎች የሚያውቁትን ነው ያደረጉት።

"እስቲ ፈገግ በይልኝ" አልኳት። ግራው ሳቀ፣ ቀኙ ቀረ። "ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ ያዢልኝ።" ቀኙ ወዲያው ወረደ። ስሟን ጠየቅኳት፤ እንባዋ መጣ እንጂ ስሟ አልመጣም። ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተያዘ ስትሮክ ነው ብሎ መሮጥ ነው። "ባጃጅ አምጡ!" ብዬ ጮህኩ።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ 3 ሰዓት አልፏል። ሲቲ ስካን ተነስታ ውጤቱ ሲመጣ 5 ሰዓት ተኩል ሆነ። ሰፌዱ ከወደቀ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። አንጎል ውስጥ የተዘጋን የደም ሥር በመርፌ የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። መድኃኒቱም በዕለቱ በእጃችን አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሲቲው ደም አለመፍሰሱን አሳየ። ችግሩ መዘጋት ነው፤ ወደ ግራው አንጎሏ የሚሄድ የደም ሥር ተደፍኗል። ቀኝ እጇም ንግግሯም አንድ ላይ የሄዱት ለዚህ ነው። ስትሮክ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣብን ደም ግፊት ነው። ግፊቷ ግን 110 በ70 ነበር። ስኳር የለባትም። አታጨስም፣ ጫት አትቅምም። የ36 ዓመት ሴት፣ ግፊቷ ደህና፣ አንጎሏ ውስጥ የረጋ ደም። ከየት መጣ?

አንድ ልጅ እግር ሐኪም ነበር። ግራ እጇን ያዘና ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ ዝም አለ። አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከዚያ "ነይ ሲስተር፣ አንቺም ያዢው" አለኝ። ያዝኩት። ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ መታ፣ ቆም አለ፣ አንዴ በደካማው መታ፣ እንደገና ቸኮለ። ምንም ሥርዓት የለውም። ወደ ግራ ጎኗ አዞራትና ማዳመጫውን ከጡቷ ሥር አሳረፈ። እኔም ሰማሁት። ሩቅ ሐዲድ ላይ የሚያልፍ ባቡር የመሰለ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ነው።

ሐኪሙ ወደ ልጅቷ ዞሮ "እናትሽ ስንት ትራስ ነው የምትንተራሰው?" አላት።

"ሦስት" አለች ልጅቷ። "አንዳንዴ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው። አስም አለባት።"

እዚያ ጋ ነው የገባኝ።

አስሙ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። የሄደችበት ክሊኒክ ሥራዋን ጠየቃት፤ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ አለች። በየቀኑ ጭስ ውስጥ የምትውል ሴት ትንፋሽ ካጠራት ደረቷም ሲር ሲር ካለ፣ አስም ነው ብሎ መገመት ነውር የለውም። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ታዘዘላት። ነውሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፓፉ አልረዳትም። ስድስት ዓመት ሳይረዳት ስድስት ዓመት ያው ፓፍ ታደሰላት።

ምልክቶቹ ዓይናችን ሥር ነበሩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ ከቧንቧው እስከ ቤቷ ሦስት ቦታ ታርፋለች፤ ጀሪካኑ ከባድ ነው አልን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አየር አጥሯት ተነስታ ግቢ ትወጣለች፤ ሙቀቱ ነው አልን። ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፤ ምጣድ ሥር ስትቆም ስለምትውል ነው። አንድ ክረምት ደም የነካው አክታ ተፋች፤ የቲቢ ምርመራ ተደረገላት፣ የለም ተባለ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። ፓፉን በሳበች ቁጥር "ልቤ ሊወጣ ነው" ትላለች፤ መድኃኒቱ ነው፣ ይለምድሻል ያልኳት እኔ ነኝ። የደም ግፊቷን በማሽን ደጋግሜ ለክቼላታለሁ። እጇን ግን አንድ ቀን እንኳ ይዤ አላውቅም።

ደግሞ እርግዝናው አለ። ሁለተኛውን ስታረግዝ በሰባተኛው ወር መራመድ አቅቷት ነበር። ደም ማነስ ነው ተብሎ የብረት ክኒን ወሰደች። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ጤነኛ ልብ ይችለዋል። የልቧ በር (ቫልቭ) የጠበበ ሴት ግን ያን ጊዜ ነው የምትያዘው። እርጉዝ ሴት ተኝታ መተንፈስ ካቃታት፣ በደም ማነስ ብቻ አልፎ መሄድ የለብንም።

በሦስተኛው ቀን ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሳች። በግራው የልብ ክፍል፣ በላይኛውና በታችኛው ጓዳ መካከል ያለው በር ሚትራል ቫልቭ ይባላል። የጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። ከ1.5 በታች ከወረደ ጥበቱ ከባድ ነው። የእሷ 0.9 ነበር። የትንሿን ጣት ጥፍር ማሰብ ነው። በዚያች ቀዳዳ ነው የሰውነቷ ደም በሙሉ የሚያልፈው።

አልጋዋ አጠገብ የተቀመጡት እናቷ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ታውቅ እንደሆነ ሲጠየቁ ብዙ አላሰቡም። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ነው። ጉሮሮዋን አመማት፣ ትኩሳት ያዛት። እንጥሏ ወርዶ ነው ተባለና አስቆረጧት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲሻላት ክርኗ። "ቁርጥማቱ ይዞራት ነበር፤ አንድ ወር ትምህርት ቤት አልሄደችም" አሉ። ከዚያ ተወት አደረጋት። ሰው ሁሉ ዳነች አለ።

አልዳነችም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚበዛ፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም አለ። በፔኒሲሊን ይድናል። ሳይታከም ከቀረ፣ አንዳንድ ልጆች ላይ ባክቴሪያውን ለመውጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ ራሱ ዞሮ መገጣጠሚያንና የልብን በሮች ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል። በሩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እየደደረ ይጠባል። ሪዩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። የሚያተርፈው መድማትና ሌላ ቁስል ነው።

እንግዲህ አስሙም ስትሮኩም ከዚያች በር ነው የመጡት። ሐረር ጁገል ሸዋ በር ላይ፣ በገበያ ሰዓት፣ በሩ ለአንድ ሰው ብቻ እስኪበቃ ጠበበ እንበል። ሰው ከኋላ ይጠራቀማል፤ መጨናነቁ እስከ ውስጥ ሰፈር ይደርሳል። ደምም እንደዚያው ነው። ከሳንባ መጥቶ በበሩ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ፈሳሹ የሳንባውን ከረጢቶች ያረጥባል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ሲተኙ ይብሳል፣ ደረትም እንደ አስም ሲር ሲር ይላል። ፓፉ ደግሞ ልብን ያስቸኩላል። የጠበበ በር የሚፈልገው ጊዜ ነው። ልብ በቸኮለ ቁጥር በሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ያጥራል፣ የሚያልፈው ደም ይቀንሳል፣ ሳንባው የባሰ ይሞላል። "ልቤ ሊወጣ ነው" ያለችው እውነቷን ነበር።

ከበሩ በስተኋላ ያለው ጓዳ ደግሞ በጫናው ብዛት እየተለጠጠ ሄዶ በሥርዓት መምታት ያቆማል፤ ይርገበገባል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። የሚርገበገብ ጓዳ ደሙን አጥርቶ አይገፋም። ደም ጥጋጥጉ ውስጥ ተኝቶ ይረጋል። ከዚያ ቁራጩ ይነሳና በደም ጎዳና አንጎል ይደርሳል። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነዋሪዎች ላይ የተሠራው የታወቀ ጥናት በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው አኃዝ አለ። ይህ የምት መዛባት ለብቻው ሲሆን የስትሮክን ዕድል ከ5 እጥፍ በላይ ያሳድገዋል፤ ሪዩማቲክ የልብ ሕመም ሲታከልበት ግን ከ17 እጥፍ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ወደ ዋርዱ ልመለስ፤ ትንፋሿ እንደገና የከዳት እዚያ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ትኩሳቷ 39 ገባ። ኦክስጅኗ ወረደ። ስትሮክ የመዋጫ ጡንቻንም ያዝላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያጠጧት ስኳር ውሃ የተወሰነው ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ነበር የሄደው፤ የሳንባ ምች ሆነባት። ስለዚህ ሳንባዋ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ልብ የመለሰው ፈሳሽ፣ ሌላው በትንታ የገባ ኢንፌክሽን። ፈሳሹን የሚያስሸና ላሲክስ ተሰጣት፣ ለኢንፌክሽኑ አንቲባዮቲክ፣ ለልቧ ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት። ፓፉ ቆመ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ተደረገ። ምግብ በአፍንጫ ቱቦ ሆነ።

ቱቦውን ቤተሰቡ አልወደደውም። አንድ ቀን ከሰዓት ስገባ አክስቷ ከነጠላቸው ሥር ፔርሙስ አውጥተው አጥሚት በማንኪያ ሊያጎርሷት ነው። ማንኪያው ከንፈሯ ላይ ደርሷል። እጃቸውን ያዝኩ። "ልጄ፣ ሰው ተርቦ ይድናል እንዴ?" አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ያ ማንኪያ አጥሚት ሳንባዋ ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጠያቂ ምግብ ይዞ ሲመጣ በር ላይ የሚመልሱት እሳቸው ሆኑ። በስምንተኛው ቀን በሻይ ማንኪያ ውሃ ሞከርናት። ዋጠች። አልሳለችም። ድምፅዋም አልረጠበም። አክስቷ እልል አሉ።

ደም ማቅጠኛው ወዲያው አልተጀመረም። ልጇ "ደም ረግቶ ከሆነ ለምን አታቀጥኑላትም?" ብላ ጠይቃለች፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ሰፊ ሲሆን፣ የተጎዳው ቦታ ገና ሳይረጋጋ ደሙን ማቅጠን ሊያደማው ይችላል። ሐኪሞቹ ቀናት ቆጥረው፣ ሲቲ ደግመው፣ ሁለት ሳምንት ሲሞላት ዋርፋሪን ጀመሩላት።

ዋርፋሪን አስቸጋሪ መድኃኒት ነው። በደም ምርመራ ይለካል፤ አይኤንአር የሚባለው ቁጥር ለእሷ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ከወረደ ደም ይረጋል፣ በጣም ከጨመረ ይፈሳል። ሐምሌን በ2.3 ጨረሰች። በነሐሴ ፍልሰታ ገባ። ሲለካ 1.3። ክኒኑን አልዘለለችም፤ ልጅቷ በደብተር ትመዘግባለች። ኋላ ላይ ሲጠየቅ፣ ጾሙን ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ጎመን ነው የበላችው። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው ያንን ቫይታሚን ሥራ በማስፈታት ነው። ጎመን ክልክል አይደለም። የሚፈለገው መጠኑ በጾምም በፍስክም እንዳይዋዥቅ ነው። ይህን ከሆስፒታል ስትወጣ ማንም አልነገራትም። ጾም ያለበት አገር ላይ መጀመሪያ መነገር የነበረበት ነገር ነው።

ጅቡቲ ያለ ዘመዷ ደግሞ ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ደም ማቅጠኛ፣ ሪቫሮክሳባን፣ ገዝቶ ላከላት። ውድ ነው። ደስ ብሏት ይዛው መጣች። መልሳ እንድታስቀምጠው ነገርኳት፤ ሐኪሟም አጸናው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ4,500 በላይ የሪዩማቲክ ልብ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። የዋርፋሪን ዓይነቱን የወሰዱት በስትሮክም ሆነ በሞት የተጎዱት አንሰው ተገኙ። ለሌላ ሰው ልብ ጥሩ የሆነው ለእሷ በር አይሆንም።

በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ያመማል፤ ሁለት ቀን ታነክሳለች። ጉሮሮዋ እንደገና ቢያዝ በሩ የባሰ እንዳይጎዳ ነው። ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጎዳ የወሊድ መከላከያም ጀምራለች።

የቀረው በሩን ማስፋት ነው። በእግር የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ልብ ጋ ደርሶ፣ በሩ ውስጥ ፊኛ መንፋት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ ለዓለም ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፤ ደረት አይከፈትም። ግን ጓዳው ውስጥ የረጋ ደም እያለ አይሞከርም፤ ቱቦው ነካ ቢያደርገው ሌላ ስትሮክ ነው። በመጀመሪያው ኢኮ ረግቶ ታይቷል። በኅዳር ሲደገም ጠፍቷል። ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ሄዳ ተመዘገበች።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን አንብቦ ፓፉን የሚጥል አስመኛ እንዳይኖር እለምናለሁ። አስም አለ፣ ይገድላልም፣ ፓፍም ያድናል። የእኔ ጥያቄ ፓፉ ላልረዳቸው ነው። ትራስ ለሚደራርቡ፣ ሌሊት አየር ፍለጋ ለሚወጡ፣ እግራቸው ለሚያብጥ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ "ልቤንም አዳምጡልኝ፣ እጄን ያዙልኝ" በሉ። ድፍረት አይደለም። ማዳመጫው አንገታቸው ላይ ነው።

ጎረቤቴ አሁን ትናገራለች፤ ቀስ ብላ ነው፣ ስም ይጠፋባታል። ቀኝ እጇን ለማሠራት በየቀኑ ሊጥ ታሻለች። ምጣዱን የያዘችው እህቷ ናት። ጠዋት ጠዋት ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ፣ ስልኳ ላይ 60 ሰከንድ ቆጥራ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። ባለፈው ወር ትንሹ ወንድሟ ጉሮሮውን ታመመ። አያትየው እንጥሉን የሚያይ ሰው እንጥራ ሲሉ እናትየው ምንም አላለችም። ነጠላዋን በግራ እጇ ጎትታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ልጁን ያዘች፣ በእግሯ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። መንገድ ላይ አራት ቦታ አርፋለች።

የትናንት አይኤንአሯ 2.4 ነው። ከአዲስ አበባ ጥሪው ገና አልመጣም። ስልኳ ቻርጅ እንዳያልቅበት ሌሊቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ነው የሚያድረው።